ለሌላ ተልከህ እንዳይሆን

(ከቁልቢ ንግሥ በፊት በነበረ አንድ የኅዳር እሑድ ከሰዓት፣ በድሬዳዋ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር። ተናጋሪው ራሱ በጽሑፍ አዘጋጅቶታል።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሰባኪ አይደለሁም። ይህን ለትሕትና ብዬ አልተናገርኩም፤ አባቶች እዚሁ ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡ ስሳሳት እንዲያርሙኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ባንክ ውስጥ ገንዘብ ስቀበልና ስከፍል ኖሬያለሁ። አዘጋጆቹ «መንፈስን ስለ መለየት ተናገር» ሲሉኝ «ምነው፣ መምህራኑ የት ሄደው?» አልኳቸው። አንዷ ልጅ ሳቅ ብላ «ጋሼ፣ አንተ ሐሰተኛ ብር ትለይ የለ?» አለችኝ። (ድሬዳዋ አንቱታ አያውቅም፤ ከሌላ አገር የመጣችሁ እንግዶች አትደንግጡ።)

እንግዲያው ከሐሰተኛ ብር ልጀምር። ሰባኪዎች የሚወዱት ምሳሌ አለ። የባንክ ሠራተኛ ሐሰተኛውን ብር የሚለየው እውነተኛውን አብዝቶ ስለዳሰሰ ነው ይላሉ። ያምራል፤ እውነትነትም አለው። ጣት ያውቃል። በቀን ብዙ ሺህ ብር የሚቆጥር ሰው ጣቱ ከዓይኑ ቀድሞ ይነግረዋል። ችግሩ፣ እኔ የተታለልኩ ቀን ጣቴ ምንም አልጎደለውም ነበር።

ጊዜው 2013 ዓ.ም. ነው። በመስከረም የብር ኖቶች ተቀይረው አዲሱ 200 ብር ወጣ፤ አሮጌዎቹን 10፣ 50 እና 100 ብሮች ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ያን ሰሞን የነበረውን ሰልፍ የምታስታውሱ አላችሁ። ከፍራሽ ሥር የወጣ ብር፣ ዘይት የጠጣ ብር፣ እህል እህል የሚሸት ብር በየመስኮቱ ይቆለል ነበር። በድሬዳዋ ሙቀት ያ ሁሉ ሰው በአንድ አዳራሽ ታጭቆ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቬንቲሌተሩ ቆሟል። ጄኔሬተሩ ኮምፒውተሮቹን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ መቁጠሪያው ማሽንም ብሩን የምንመረምርበት መብራትም አይሠሩም። ልንዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረን አንድ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ መስኮቴ ላይ ደረሰ። «ወንድሜ፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው። እናቴ ሆስፒታል ናት። እባክህን ቶሎ በልልኝ» አለኝ። አዲስ የ200 ብር እስሮች ገፋ አደረገልኝ። እርጥቡን ስፖንጅ እየነካሁ መቁጠር ጀመርኩ። ከኋላው ያለው ሰው ይጮኻል። መሐል ላይ ጣቴ ቆመ። አንዱ ኖት ለሰለሰብኝ። ቀና ብዬ ሰውየውን አየሁት፤ እርሱ ሰዓቱን እያየ ነበር። ቀጠልኩ።

ማታ ሒሳብ ስንዘጋ አሥራ አንድ ኖት ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ፤ 2,200 ብር። ጉድለቱ ከደመወዜ ተቆረጠ። በሁለት ወር ከፍዬ ጨረስኩት። ሳስበው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ጣቴ ነግራኝ ነበር! አውቄ ነበር። ያ ሰው መጀመሪያ የሰረቀኝ አንዲት ደቂቃ ናት፤ ብሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ የእርሱ ማብራሪያ ነው። መንፈስን መለየት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን የተሰወረ የሚያይ ዓይን፣ የሌላውን ልብ የሚያነብ ጸጋ ነው። እንዲህ ያለ ጸጋ የለም አልልም፤ ሐዋርያው በቆሮንቶስ መልእክቱ «መናፍስትን መለየት» ብሎ ከጸጋዎች ጋር ቆጥሮታል። እኔና እናንተ በየዕለቱ የሚያስፈልገን ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነገር ነው። መቆም መቻል ነው።

ወደ ቁልቢ ልትወጡ እየተዘጋጃችሁ ነው። ደንገጎን በመኪና የምትወጡ አላችሁ፣ በእግርም የምትሄዱ አላችሁ። ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው ከድሉ በኋላ አሠሩት የሚባለው ያ ደብር ስንት ስለት እንደሚገባበት ታውቃላችሁ። ታኅሣሥ 19 ስናከብር የምናስበው ገብርኤል ሦስቱን ልጆች ከእቶን እሳት ማዳኑን ነው። መጋቢት ሲመጣ ደግሞ ለእመቤታችን ያበሠረውን እናስባለን። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ሰው ገና ሳይፈጠር፣ አባቶቻችን ስለ ገብርኤል የሚያስተምሩት አንድ ነገር አለ። እግዚአብሔር መላእክትን ፈጥሮ ተሰወረባቸው። «ማን ፈጠረን? ከየት መጣን?» እያሉ ይጠያየቁ ጀመር። ሳጥናኤል ከሁሉም በላይ ተሹሞ ነበርና ወደ ላይ ቢያይ ማንም የለም፤ «እኔ ፈጠርኋችሁ» አለ። ያመኑት አሉ፣ የተጠራጠሩ አሉ። የመጀመሪያው ሐሰተኛ ነቢይ የተነሣው እንግዲህ በሰማይ ነው፤ አድማጮቹም መላእክት ነበሩ። ያን ጊዜ ገብርኤል «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አለ። አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት እንቁም ማለት ነው።

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ጀግንነቱ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከዚያች ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ብሯ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ገብርኤል «ውሸት ነው፤ የፈጠረንን አውቀዋለሁ፤ እርሱም እገሌ ነው» አላለም። ገና አላገኘውም ነበር። «እስክናገኘው» ነው ያለው። መልስ አልነበረውም፣ መቆሚያ ግን ነበረው። የሚያውቀውን ያህል ያዘ፣ ለማያውቀው ጊዜ ሰጠ። ሳጥናኤል የፈለገው ደግሞ በዚያች ቅጽበት እንዲወስኑለት ነበር፤ እግዚአብሔር ከተገለጠ በኋላማ ማን ይሰማዋል?

መጽሐፍ ቅዱስን በዚህ ዓይን ሳነብ ቀድሞ ያለፍኳቸው ቦታዎች ያቆሙኝ ጀመር። ኢያሱ ምዕራፍ 9ን አስታውሱ። የገባዖን ሰዎች ጎረቤት ሆነው ሳሉ ከሩቅ አገር የመጣን ነን ብለው ያረጀ ስልቻ፣ የተጠጋገነ ጫማ፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው ቀረቡ። እስራኤል ዝም ብለው አላመኑም፤ መርምረዋል። እንጀራውን አይተዋል፣ ከስንቃቸውም ወስደዋል። ማስረጃው ግን ለእነርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። እግዚአብሔርን ሳይጠይቁ ማሉላቸው። መቼ ታወቀ? ከሦስት ቀን በኋላ። ሦስት ቀን ብቻ! ድንኳናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ሦስት ቀን ቢጠብቁ ኖሮ እውነቱ በእግሩ ይመጣላቸው ነበር። አሁን በስልካችን የሚመጣው «ሽባ ተነሣ» የሚል ቪዲዮ፣ «ካንሰር ተነቀለ» የሚል ምስክርነት ብዙ ጊዜ ያ የሻገተ እንጀራ ነው። አይተነዋል፣ ቀምሰነዋል። የሰውየውን ሰፈር ግን አልጠየቅንም።

ሁለተኛው ኤርምያስ ነው፤ ከሁሉ የምወደው። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በካህናትና በሕዝብ ሁሉ ፊት ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ የተማረኩት ከባቢሎን ይመለሳሉ አለ። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ኤርምያስ ምን አለ? «አሜን፤ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» አለ! ቢሆንማ እርሱም ይወድ ነበር። የሰላም ነቢይ ቃሉ ሲፈጸም ያን ጊዜ ይታወቃል ብሎ አስጠነቀቀ። ሐናንያ ኤርምያስ ለምልክት በአንገቱ የተሸከመውን የእንጨት ቀንበር አንሥቶ ሰበረው። ሰው ሁሉ እያየ ነው። መልስ የሚጠበቀው አሁን ነው። መጽሐፉ ግን ነቢዩ ኤርምያስ መንገዱን ሄደ ይላል። ሄደ! በእጁ የያዘው ቃል አልነበረም፤ ስለዚህ አልፈጠረም። የእግዚአብሔር ቃል የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው፤ የእንጨቱ ቀንበር በብረት ተተካ፣ ሐናንያም በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። እውነተኛው ነቢይ እንኳ ጊዜ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ጥያቄህን ሳትጨርስ «ጌታ እንዲህ ይልሃል» የሚልህ ሰው ከኤርምያስ በለጠ ማለት ነው?

ጳውሎስም በፊልጵስዩስ እንዲሁ ነው። የምዋርት መንፈስ ያደረባት አንዲት ገረድ እየተከተለቻቸው «እነዚህ ሰዎች የመዳንን መንገድ የሚነግሩአችሁ የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» ብላ ትጮኽ ነበር። አንድም ውሸት የለበትም። እኛ ብንሆን ማይክሮፎን እንሰጣት ነበር። ጳውሎስ ግን ብዙ ቀን ታገሠ፤ በመጨረሻ መንፈሱን ገሠጸው፣ ወጣ። ጌቶቿ ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። የትርፋቸው ተስፋ ወጥቶ ነበርና። ቃሉ እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ማን ጋ ገብቶ ማን እንደሚያተርፍበት ማየት ያስፈልጋል።

ይህ ወደ ሙያዬ ይመልሰኛል። በአራቱ ወንጌላት ባይጻፍም እነ ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያን የመሰሉ የጥንት አባቶች የሚጠቅሱት አንድ ቃል አለ፤ የተፈተናችሁ ገንዘብ መንዛሪዎች ሁኑ የሚል። ዮሐንስ ካስያን የተባለ የጥንት መነኩሴ በግብፅ በረሃ ከሰማቸው ትምህርቶች መካከል አባ ሙሴ ይህን ቃል ሲተረጉም መዝግቦታል። እዚህ አገር ላደገ ሰው ትርጓሜው አይከብድም። ሐረር በአሚሮቹ ዘመን መሐለቅ የሚባል የራሷ ገንዘብ የነበራት ከተማ ናት። በዚህ ሁሉ አገር ሲገበያዩበት የኖሩት ጠገራ ብር ደግሞ የማርያ ቴሬዛ ነው። ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 እ.ኤ.አ. ተጽፎበት፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመታ ኖሯል። የእኛ ነጋዴዎች የፈረንጅ ፊደል ባያነቡም በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥሩ ነበር፤ ያልጠራውን ይመልሳሉ። አያቶቻችን በመጋላና በቀፊራ ብር ሲቀበሉ ያሳዩት የነበረውን ትዕግሥት እኛ ነፍሳችንን ለማን እንደምንሰጥ ለመወሰን ብናሳይ ይበቃን ነበር።

አባ ሙሴ መንዛሪ አራት ነገር ያያል ይላል። ናስ ተወልውሎ ወርቅ መስሎ እንዳይሆን፤ ወርቁ እውነተኛ ሆኖ የተመታበት የሐሰተኛ ንጉሥ መልክ እንዳይሆን፤ ካልተፈቀደ ቦታ የተመታ እንዳይሆን፤ ሚዛኑ የጎደለ እንዳይሆን። የመጀመሪያውን ልለፈው፤ ናስ የሚሸጥ ሰው ቶሎ ይታወቅበታል። አራተኛውም ግልጽ ነው፤ በውዳሴ ከንቱ የተበላ መልካም ሥራ ሚዛን አይደፋም። ሁለተኛው ላይ ግን ልቆይ፤ አደጋው ያለው እዚያ ነው።

ሰይጣን ጌታን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ከዳዊት መዝሙር 90 ነው። ወርቁ ንጹሕ የዳዊት ወርቅ ነው። መዝሙሩን ከፍታችሁ አስተያዩት። ዳዊት መላእክቱ «በመንገድህ ሁሉ» ይጠብቁሃል ይላል፤ በማቴዎስ ሰይጣን ሲጠቅሰው ይህች ሐረግ የለችም። ከጣራ መዝለል መንገድ አይደለማ! የጠቀሰውም እግርህ በድንጋይ እንዳይሰናከል እስከሚለው ድረስ ብቻ ነው። የሚቀጥለውን ቁጥር ታውቁታላችሁ? በእባብ ላይ ትጫማለህ፣ ዘንዶውን ትረግጣለህ ይላል። ስለ ራሱ ነዋ፤ እንዴት ይቀጥል? ጥቅስ በተጠቀሰላችሁ ቁጥር እባካችሁ አንድ ቁጥር ከላይ፣ አንድ ቁጥር ከታች አንብቡ። ከዚህ የበለጠ ርካሽ ምክር አላውቅም፤ ስንት ሰው ግን ይህን ባለማድረጉ ቤቱን ሸጧል።

ሦስተኛውም አንድ ነገር ያስብላል። የት ተመታህ? ማን ላከህ? ንስሐ አባትህ ማን ነው? አጥቢያህ የት ነው? ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው መቶ ዓመት ነው የሚባለው፣ በ1873 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የተገኘው ዲዳኬ የተባለው ጽሑፍ ለዞሪ ነቢያት ያወጣው ደንብ በጣም ያስቀኛል። እንግዳው አንድ ቀን፣ ቢያስፈልግ ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ ሦስተኛ ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነው ይላል። ሲሄድ ስንቅ ይሰጠው፤ ብር ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። በመንፈስ ሆኖ ገንዘብ ስጡኝ የሚለውን አትስሙት፤ ለሌላ ችግረኛ ስጡ ካለ ግን ማንም አይፍረድበት። ያኔ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ግርጌ አይሄድም ነበር፤ ደንቡ ግን ለዛሬ የተጻፈ ይመስላል።

ይህን ስል ዓይናችሁ ወደ ሌላው አዳራሽ እንዳይሄድ። በፕሮቴስታንት ወንድሞቻችን ዘንድ «ነቢይ» ነን «ሐዋርያ» ነን የሚሉ ሰዎች ያመጡትን መከራ ራሳቸው መጋቢዎቻቸው ሲያለቅሱበት ሰምቻለሁ። የእኛን ቤት ደግሞ እኛ እናውቀዋለን። ቆብ ደፍቶ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ሥዕል ይዞ የሌለ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠራ አለ። ማንም ሳይልከው «አጥማቂ ነኝ» ብሎ የሕመምተኛን መድኃኒት የሚያስጥል አለ። ዐውደ ነገሥት ገልጦ ኮከብ ቆጥሮ ሲያበቃ በስመ ሥላሴ የሚያሰናብት አለ። ትንቢት የተነገረለት ንጉሥ ቴዎድሮስ እኔ ነኝ የሚልም አይጠፋም፤ ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ያንን ስም ይዘው ከነገሡ ወዲህ ስሙ ባለቤት አጥቶ አያውቅም። «ይህን መልእክት ለአሥራ ሁለት ሰው ካላስተላለፍክ» የሚለውንማ ከእናንተ መካከል ዛሬ ጠዋት የላከልኝ አለ፤ ስሙን አልጠራም።

አሁን ደግሞ የአባትን ድምፅና መልክ ወስዶ ያላሉትን የሚያናግር ኮምፒውተር መጥቷል። ዓይንና ጆሮ ብቻቸውን የሚበቁበት ዘመን አልፏል። ለዚህም ነው ጊዜ ስጡ የምለው።

አንዲት ጎረቤቴ ናት፤ ቀልደኛ የድሬ ሴት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ ሰላምታ ሰጣት። «አላውቅሽም፤ መንፈስ ነው የነገረኝ» አላት። «ደጃፍሽ ላይ የተቀበረ ጥቁር ነገር አያለሁ። ነገ ሳይነጋ ሱባኤ ካልተያዘበት ከልጆችሽ አንዱን ትቀብሪያለሽ።» ለዕጣንና ለጧፍ 8,000 ብር የሚገባበት ሒሳብ ቁጥር ላከላት። ሴትዮዋ እጇ እየተንቀጠቀጠ ገንዘቡን ልታስገባ ስልኳን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። «እኔ ቡና ሳልጠጣ የልጆቼን ስም እንኳ አላስታውስም» ብላ ከሰል አያያዘች፣ ቡና ቆላች፣ ጎረቤት ጠራች። እኔም ከተጠሩት አንዱ ነበርኩ።

በአቦሉ ነገሩን ነገረችን። ትልቋ ልጇ «እማዬ፣ ስልክ ቁጥርሽን ቴሌብር ላይ ሲያስገቡት እኮ የባለቤቱ ስም ይወጣል» አለችና በእኔው ቁጥር አሳየችን፤ ስሜ ወጣ። መንፈስ የነገረው ስም ይህ ነበር። በቶናው ማዶ ያለችው ጎረቤት ሲኒዋን አስቀምጣ «እኔንም ማክሰኞ ደውሎልኛል፤ አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ» አለች። እርሷም ደጃፍ ላይ ጥቁር ነገር ተቀብሯል። በረካው ሲቀዳ ሰውየው እንደገና ደወለ። ድምፁ ለስላሳ አልነበረም። «ጊዜው እያለቀ ነው! እግዚአብሔርን እያስቆጣሽው ነው!» አላት። እጣኑ እየጨሰ፣ ሁላችንም ጸጥ ብለን፣ እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር በልጆቼ ላይ ቸኩሎ አያውቅም።» ስልኩን ዘጋችው። ሦስት ሲኒ ቡና ነው የፈጀባት።

«ግን እኮ የተናገረው ሁሉ ሆነ» የምትሉኝ አላችሁ። ዘዳግም 13ን አንብቡ። ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚወስድ ከሆነ አትስማው ይላል፤ አምላካችሁን ትወዱ እንደ ሆነ ሊፈትናችሁ ነውና።

እስካሁን ስለ ሌላው አታላይ ተናገርኩ። አባ ሙሴ ግን የተናገረው ከሁሉ የሚያስፈራኝ ታሪክ ስለ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነው። ስሙ ሄሮን ነው፤ ሃምሳ ዓመት በበረሃ በጾም ኖሯል። ጾሙን ከመጠበቁ የተነሣ በፋሲካ ቀን እንኳ ከወንድሞቹ ጋር ማዕድ አይቀርብም፤ ጥቂት ጥራጥሬ ቢቀምስ ትጋቱን የሚያላላ ይመስለዋል። ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ መጣለትና ከጽድቅህ ብዛት የተነሣ ወደ ጉድጓድ ብትገባ አትጎዳም አለው። በእኩለ ሌሊት ጥልቀቱ ወደማይታወቅ ጉድጓድ ዘለለ። ወንድሞቹ ሊሞት ሲል አወጡት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የሚያሳዝነው በእነዚያ ሦስት ቀናት የተገለጠለት ሰይጣን መሆኑን ማንም ሊያሳምነው አለመቻሉ ነው። ሃምሳ ዓመት ጾም! ሄሮን ፋሲካ ቀን ከወንድሞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያን ጥራጥሬ ቢበላ ኖሮ፣ ማታ «አንድ መልአክ እንዲህ አለኝ» ብሎ የሚነግረው ሰው ያገኝ ነበር። ጎረቤቴን ያዳናት ቡናው ብቻ አይደለም፤ ቡናውን የጠጣችው ከሰው ጋር መሆኑ ነው። ሐሰተኛ ራእይ የመጀመሪያ ትእዛዙ ብዙ ጊዜ «ለማንም አትንገር» ነው።

የሌላኛው መነኩሴ ታሪክ አጭር ነው። ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ መጣና «ገብርኤል ነኝ፤ ወደ አንተ ተልኬ መጣሁ» አለው። መነኩሴው «ለሌላ ተልከህ እንዳይሆን እስኪ እይ፤ እኔ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባ ሰው አይደለሁም» አለው። ያ ብርሃን ጠፋ። ሰይጣን በጥቅስ ሊከራከር መጥቶ ነበር፤ አድራሻ የሚያጣራ ሰው ገጠመው።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ አታላይ እሆናለሁ። ከዚያ ከ2,200 ብሩ በኋላ በጣም ነቄ ሆንኩ። እያንዳንዱን ኖት ወደ ብርሃን አነሣለሁ፣ እቧጥጣለሁ፣ ሰውን ከላይ እስከ ታች አያለሁ። ሥራ አስኪያጄ ሳይቀር «አሁን ገና ሠራተኛ ሆንክ» አለኝ። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ አሮጊት እናት መስኮቴ ላይ ቆሙ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ 200 ብር አወጡ። በላብ ርሶ፣ ምናልባትም ከነጠላው ጋር ታጥቦ፣ ቀለሙ ደብዝዟል። ዳሰስኩት፤ ለሰለሰብኝ። ያ ሰውየና ሰዓቱ ትዝ አሉኝ። ብሩን በመስተዋቱ ሥር መልሼ ገፋሁትና ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ይህ ሐሰተኛ ነው፤ ከየት አመጡት?» አልኩ። ጥበቃው ቀረብ አለ። ሰልፈኛው ዞሮ አያቸው። እሳቸው ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። ሥራ አስኪያጁ ወስዶ መብራት ላይ አየው። እውነተኛ ነበር። ክሩም ምልክቱም በቦታቸው ነበሩ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እሳቸው ብሩን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ ቋጠሩትና «ልጄ ነው የላከልኝ» ብለው ወጡ። ገንዘቡን ሳያስገቡ ሄዱ።

ያኔም የቸኮልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለማመን ቸኮልኩ፣ ቀጥሎ ለመጠርጠር። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች «ሁሉን ፈትኑ» ከማለቱ በፊት «መንፈስን አታጥፉ፤ ትንቢትን አትናቁ» ማለቱን ያን ቀን ማታ ነው ያስተዋልኩት። በየጸበሉ የሚያፌዝ፣ የተፈወሰን ሁሉ ተዋናይ የሚል፣ ሐሰተኛ ስላየ እውነተኛ የለም ብሎ የደመደመ ወጣት ከእናንተ መካከል ካለ፣ ወዳጄ፣ አንተም መስኮቴ ላይ ተቀምጠሃል። ሐሰተኛ ብር የሚሠራው እኮ እውነተኛ ብር ስላለ ነው።

ጥያቄዎች ተጠይቀው ነበር፤ ሁለቱን ልጻፍ።

አንድ ወጣት ከኋላ ተነሥቶ «ጋሼ፣ ቆሜ ስጠብቅ እውነተኛው የእግዚአብሔር ጥሪ ቢያመልጠኝስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ያስፈራው ነገር እኔንም ያስፈራኛል። ሳሙኤልን አስታወስኩለት። ብላቴናው እግዚአብሔር ሲጠራው ዔሊ የጠራው መሰለውና ሮጠ። ዔሊ ሁለት ጊዜ «አልጠራሁህም፤ ተመልሰህ ተኛ» አለው። ሦስተኛው ላይ ነው ካህኑ የነቃው፤ ያኔም ያለው ያው «ሂድና ተኛ» ነው፣ ከጠራህ ግን ባሪያህ ይሰማልና ተናገር በል ብሎ። ልጁ ተኛ። እግዚአብሔርም መጥቶ ቆመ፣ እንደ ቀድሞው ጠራው። አራት ጊዜ! እንቅልፍ ላይ ያለን ልጅ አራት ጊዜ የጠራ አምላክ ቆመህ ስትጠብቀው አልፎህ አይሄድም።

ስብሰባው ሲያበቃ ወንበር ስናነሣ ያቺ «ሐሰተኛ ብር ትለይ የለ» ያለችኝ ልጅ መጣች። «ጋሼ፣ እኚያን እናት ከዚያ በኋላ አገኘሃቸው?» አለችኝ።

አላገኘኋቸውም። ያን ቀን እስከ አስፋልቱ ተከትያቸው ወጥቼ ነበር፤ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ሄደዋል። ቁልቢ በወጣሁ ቁጥር በቅጽሩ ዙሪያ የተቀመጡ እናቶች ስለታቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ሲፈቱ አያለሁ። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ የታሰረ ከሆነ ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ።